ነጭ ጋውን የለበሰው ጥቁር ሐኪም

በ1950 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሕዝብ በቀረበው «ኖ ዌይ አውት» በተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሉተር ብሩክስ የሚባል ወጣት ጥቁር ሐኪም አለ። ተዋናዩ ሲድኒ ፖይቲየር ሲሆን የመጀመሪያው ትልቅ የፊልም ሥራው ነበር። ሁለት ነጭ ወንድማማቾች በዝርፊያ ላይ ሳሉ እግራቸውን በጥይት ተመትተው ወደ ሆስፒታሉ የእስረኞች ክፍል ይመጣሉ። ብሩክስ የአንደኛው ሁኔታ ከቁስሉ ጋር አልገጥም ስላለው የአንጎል ዕጢ ጠርጥሮ ከጀርባው በመርፌ ፈሳሽ ይቀዳለታል፤ ሕመምተኛው እዚያው ይሞታል። ወንድሙ ሐኪሙን በነፍሰ ገዳይነት ይከሳል፤ አስከሬኑም እንዳይመረመር ይከለክላል። ብሩክስ መውጫ ሲያጣ፣ ምርመራውን ለማስገደድ ሲል ብቻ ገዳይ ነኝ ብሎ እጁን ይሰጣል። አስከሬኑ ተመርምሮ ዕጢው ይገኛል።

ሐኪም የሆነ ተመልካች እዚህ ላይ ዝም ብሎ አያልፍም። ዕጢ በራስ ቅል ውስጥ ግፊት በጨመረበት ሰው ላይ ከጀርባ ፈሳሽ መቅዳት ራሱ ሊገድል ስለሚችል፣ ዛሬ አስቀድመን የአንጎል ምስል እናነሣለን። ፊልሙ ግን ይህን ጥያቄ ሊያነሣ አይችልም ነበር። ነጭ ባልደረባው ቢሳሳት ስሕተቱ የራሱ ብቻ ነው፤ ብሩክስ በጥቂቱ ቢሳሳት ግን የዘሩ ሁሉ ስሕተት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በፊልምና በቴሌቪዥን መስኮት የታየውን ጥቁር ሐኪም አስሮ የያዘው ይህ ውል ይመስለኛል። ያም ሆኖ ፊልሙ በቺካጎ ለጊዜው ታግዶ ነበር።

በውጭ የነበረው ዓለም ከፊልሙ ወደ ኋላ የቀረ ነበር። በ1946 የወጣው የሆስፒታል ግንባታ ሕግ «ተለያይተው ግን እኩል» ለሚባሉ ሆስፒታሎች የመንግሥት ገንዘብ ይፈቅድ ነበር። በኖርዝ ካሮላይና የጥርስ ሐኪሙ ጆርጅ ሲምኪንስ ከባልደረቦቹ ጋር ከስሶ በ1963 ያስፈረደው በዚህ ላይ ነው። በ1966 የአረጋውያን የሕክምና መድን ሥራ ሲጀምር፣ ዘር የሚለይ ሆስፒታል ክፍያ አያገኝም ተባለ፤ ለዘመናት የተለያዩ ዋርዶች በወራት ውስጥ ተቀላቀሉ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ለቀድሞው አድልዎ ይቅርታ የጠየቀው ግን በ2008 ነው።

በ1967 ፖይቲየር እንደገና ሐኪም ሆኖ መጣ። «ጌስ ሁስ ከሚንግ ቱ ዲነር» ውስጥ ዶክተር ጆን ፕሬንቲስ በዓለም ጤና ድርጅት ያገለገለ ዝነኛ ሰው ሲሆን አንዲት ነጭ ልጃገረድ ሊያገባ ይፈልጋል። ዳይሬክተሩ ስታንሊ ክሬመር እንከን የለሽ ያደረገው ሆን ብሎ ነው፤ ወላጆቿ ከቆዳው ቀለም በቀር የሚቃወሙበት ምክንያት እንዳይኖራቸው። (እኛም ሽማግሌ ሲላክብን የማን ዘር እንደሆነ በስውር ማጣራታችንን ሳንዘነጋ።) የሁለቱ ፍቅረኞች መሳሳም የሚታየው በታክሲ ነጂው መስተዋት ውስጥ ብቻ ነው። ፊልሙ ሲሠራ ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ የሚከለክል ሕግ በ16 ግዛቶች ጸንቶ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሻረው በዚያው ዓመት ሰኔ 12 ቀን ነው።

ቴሌቪዥኑም ይህንኑ ፍጹም ሰው ተቀበለ። በ1968 «ጁሊያ» ውስጥ ዳያን ካሮል ባሏ ቬትናም የሞተባት ነርስ ሆነች፤ ከ1984 እስከ 1992 ደግሞ ቢል ኮስቢ የብሩክሊኑ የማኅፀን ሐኪም ሆኖ በየቤቱ ገባ። የዚያን ቤተሰብ ክብር ለመጠበቅ ድርሰቶቹን የሚያነብ አልቪን ፑሳንት የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበር። የኮስቢ ስም በኋላ በሌላ ነገር መነሣቱን አንባቢ ያውቃል።

ውሉን ያፈረሰው በ1994 የተጀመረው «ኢ አር» ነው። በኤሪቅ ላሳል የተሠራው ቀዶ ሐኪሙ ፒተር ቤንተን ኩሩ፣ ቁጡ፣ ይቅርታ ከአንደበቱ የማይወጣ ሰው ነው፤ ይሳሳታል፤ በማግሥቱ ተመልሶ ሥራውን ይሠራል። በ1999 ላሳል ራሱ፣ ቤንተን ከነጭዋ ሐኪም ጋር የጀመረው ፍቅር እንዲቋረጥ ጠየቀ፤ ከጥቁር ሴቶች ጋር ሲጣላ የኖረ ሰው ከነጭዋ ጋር ብቻ ሲስማማ መታየቱ ክፉ መልእክት ነው በማለት። መስተዋት ውስጥ ተሸሽጎ ከታየው መሳም እስከዚህ ክርክር 32 ዓመት ነው።

ያን ጊዜ እኔ ከምሥራቅ አውሮፓ ዲግሪዬን ይዤ መጥቼ በአንድ የአሜሪካ ሆስፒታል ሬዚደንት ነበርሁ። አንድ ሐሙስ ሌሊት ጋውኔን ለብሼ፣ ማዳመጫዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወደ አንዲት አሮጊት ክፍል ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ቤንተን ቀዶ ሕክምና ላይ ነው፤ ሴትዮዋ በተመስጦ ያዩታል። እኔን ሲያዩ የእራቱን ሳህን በጣታቸው አመለከቱኝ። አንሥቼ አወጣሁት። ተመልሼ ስሜን ነግሬ ሐኪማቸው መሆኔን ስናገር፣ ዶክተሩ መቼ እንደሚመጣ ጠየቁኝ። መታወቂያዬን አሳየኋቸው። አነበቡት፤ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሱ፤ ክንዳቸውንም ለደም ግፊት መለኪያው ዘረጉልኝ።