«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»፦ የሐዋሳ ብስክሌትና የመለዋወጫው ገበያ

ሐዋሳ የብስክሌት ከተማ የሆነችው በአጋጣሚ አይደለም። በ1950ዎቹ መግቢያ፣ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ገና ይርጋለም ሳለች፣ በሐዋሳ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ከዚህ ምሥረታ ጋር ስማቸው አብሮ የሚነሣው ልዑል ራስ መንገሻ ስዩም ናቸው። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ከተማ የተዘረጋችው ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ስለሆነ፣ መንገዶቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ሆነው ተቀየሱ። ታቦር ተራራን ልውጣ ካላሉ በቀር፣ ከፒያሳ እስከ ፍቅር ሐይቅ ትንፋሽ የሚያሳጥር ዳገት የለም። ስለ ውድድር ብስክሌት ሲነሣ የመቀሌ ስም ይቀድማል፤ ሳይክልን የሥራና የትምህርት ቤት መሄጃ በማድረግ ግን ሐዋሳና ባሕር ዳር የሚታወቁ ናቸው።

ከተማዋ ከፈረስ ጋሪ ጋር እየተጋፋች ባደገችባቸው ዓመታት መምህሩ፣ ተማሪው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው በሳይክል ይሄድ ነበር። መግዛት ያልቻለ ደግሞ ይከራያል። ልጆች ሳንቲም አጠራቅመው በዙር ወይም በሰዓት የሚከራዩት ሳይክል ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ይውላል፤ ሲወድቅ ፔዳሉ ይጣመማል፣ ራጂው ይሰበራል፣ ካቴናው ይረግባል። ኪራይ ባለበት ሁሉ ጥገና አለ፣ ጥገና ባለበት ደግሞ መለዋወጫ ፈላጊ አለ። የመለዋወጫ ንግዱን ያቆመው ይህ የየዕለቱ ብልሽት ነው።

የሳይክል ሠሪው ቦታ ብዙ ጊዜ የዛፍ ጥላ ወይም የቆርቆሮ ዳስ ነው። የተነፈሰ ካላማዳሪ ይወጣና በፖምፓ ይነፋል፤ ከዚያ በሳፋ ውኃ ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ ይዞራል። አረፋ የወጣበት ቦታ በጣት ይያዛል፣ ይደርቃል፣ በሻካራ ብረት ይፋቃል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ቁራጭ ይለጠፍበታል። ከሠሪው ጎን ያለው ጣሳ ደግሞ በአሮጌ ብሎን፣ በኩሽኔታ ጠጠር፣ በተቆራረጠ ካቴና የተሞላ ነው። ጣሳው ለዓይን ጥራጊ ይመስል እንጂ ዋናው መጋዘን እሱ ነው። በተለይ በደርግ ዘመን፣ የውጭ ንግዱ በመንግሥት እጅ ገብቶ የውጭ ምንዛሪ በጠፋበት ወቅት፣ ከአንዱ ሳይክል ነቅሎ ለሌላው መግጠም የሙያው ግማሽ ነበር።

አዲስ ዕቃ ሲያስፈልግ ባለሳይክሉ ብቻውን አይገዛም። የተበላሸውን ዕቃ በእጁ ይዞ ሱቅ ይሄዳል፣ ወይም ሠሪውን ይልካል። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ያወርዳል፣ ሁለቱ ዕቃዎች ጎን ለጎን ይያዛሉ፣ ጥርሱ ይቆጠራል፣ ቀዳዳው ይለካል። «እስኪ ወስደህ ግጠመውና ና» የሚባለው ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ነው። ካልገጠመ ይመለሳል፣ ማንም አይቆጣም። «አይ ወንድሜ፣ ይሄ ያንተን አይገጥምም፤ እዚያ ማዶ ጠይቅ» የሚል ነጋዴም አይጠፋም፤ ደንበኛው ነገም እንደሚመጣ ያውቃላ።

በዚያው ሱቅ ግድግዳ ላይ፣ አለበለዚያም በደረሰኙ ግርጌ፣ የሚታወቀው ጽሑፍ አለ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ባለሱቆች ምክንያት አላቸው። ተገጥሞ የተጫረ ወይም ግራሶ የነካው ዕቃ እንደ አዲስ አይሸጥም፤ በስህተት የተጠበቀ ብሎን ጥርሱን ከበላ በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ነገር ግን ጽሑፉ ብቻውን አልነበረም። ከፊቱ ማስተያየትና መሞከር ነበረ፣ በመሐል ደግሞ ለሁለቱም ወገን የሚታመን ባለሙያ ነበረ። ግድግዳው ላይ ያለው ክልከላ ጨካኝ ሳይመስል የኖረው በእነዚህ ምክንያት ነው።

ሐዋሳ ውስጥ የጠፋ ዕቃ ከሻሸመኔ፣ ካልሆነም 275 ኪሎ ሜትር ርቆ ከአዲስ አበባ መርካቶ ይመጣ ነበር። ለዚህም የአውቶቡስ ሾፌርና ረዳት መልእክተኛ ነበሩ። አሮጌው ዕቃ በጋዜጣ ተጠቅልሎ «እንደዚህ ያለ» ተብሎ ለረዳቱ በአደራ ይሰጣል፤ በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ አዲሱ ከአሮጌው ጋር መናኸሪያ ይደርሳል። ረዳቱ ፊቱ የታወቀ ነው፤ አደራ ቢበላ ማን ዘንድ እንደሚኬድ ግልጽ ነው። ይህ አሠራር ሳይታዩ የመሸጥና የመግዛት ጥንታዊ መልክ ነበር ማለት ይቻላል። ናሙናው ከትእዛዙ ጋር ስለሚሄድም ስህተቱ ጥቂት ነበር።

ሕጉም ቢሆን ለገዥ ዝም ያለበት ዘመን የለም። ከተማዋ በተቆረቆረችበት ዘመን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ የሚያስረክበው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል፤ ገዥም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን እንዲያሳውቅ ይጠብቅበታል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ጉድለት የተገኘበት ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘብ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከእነዚህ ሕጎች በላይ አይደለም። ሆኖም ለአንድ ካላማዳሪ ብሎ ንግድ ቢሮ ደጅ የሚጠና ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ ወረቀቱን ያኖረውም ይኸው ነው።

ከ1990ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ የከተማዋ መልክ ተለወጠ። ባጃጅ ገባ። መጀመሪያ ጋሪውን ገፋ፣ ቀጥሎ የሳይክሉን ተሳፋሪ ወሰደ። ገንዘቡ ያለው ባጃጅና ሞተር ላይ ስለሆነ መደርደሪያዎችም ወደዚያው ዞሩ። ቀድሞ ፓራፋንጎና ፎርኬታ ይደረደርበት የነበረው ቦታ በባጃጅ ዕቃ ሲያዝ፣ ሳይክሉን ያልተወው ሰው ዓይኑን ወደ ስልኩ አዞረ።

በስልኩ ያለው ገበያ በአብዛኛው ቴሌግራም ነው። ፎቶ ይለጠፋል፣ ከሥሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ወይም «ክፍለ ሀገር ላላችሁ በመናኸሪያ እንልካለን» ይባላል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘቡ በደቂቃ ይሻገራል። ዕቃው ግን ዛሬም እንደ ድሮው በመኪና ነው የሚመጣው፤ ልዩነቱ ናሙናው አብሮት አለመሄዱ ነው።

ይህ ልዩነት ትንሽ እንዳይመስል፣ አንድ ጎማ እንውሰድ። የሐዋሳ ተማሪ ከአባቱ ለወረሰው ትልቁ የቻይና ወይም የሕንድ ሳይክል «28 ጎማ» ብሎ ያዝዛል። የእነዚያ ሳይክሎች 28 በአንድ ተኩል ጎማ፣ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር 635 ሚሊ ሜትር ነው። ዛሬ በብዙ አዳዲስ ሳይክሎች ላይ ያለው፣ 28 ተብሎም የሚሸጠው ጎማ ደግሞ 622 ነው። ልዩነቱ 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም፣ ትንሹ ጎማ ትልቁ ቸርኬ ላይ በምንም ጉልበት አይገባም። ባለ 26ም እንዲሁ ነው፤ 559 አለ፣ 590 አለ። ቁጥሩ ጎማው ጎን ላይ በትናንሽ ፊደል ተጽፏል፣ ፎቶው ላይ ግን አይነበብም። ሠሪው ዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ በእጁ ዳስሶ የሚለየውን ነገር፣ ልጁ ሐዋሳ መናኸሪያ ላይ ጥቅሉን ሲፈታ ነው የሚያውቀው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ብዙ ገዥዎች የሚያውቁት ነው። መልእክት ይላካል፤ መታየቱ ይታወቃል፣ መልስ የለም። ይደወላል፣ አይነሣም። ሲነሣ «ያዘዝከውን ነው የላክነው» ይባላል፣ ቀጥሎም ያው የግድግዳው ጽሑፍ ይጠቀሳል፦ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ከሱቁ ባሕል ወደ ስልኩ የተሻገረው ክልከላው ብቻ ነው። ማስተያየቱ፣ ሙከራው፣ መሐል ላይ የሚቆመው ባለሙያ በመንገድ ቀርተዋል። የበደሉ ሁሉ ምንጭ እዚህ ላይ ነው። ነጋዴው ከአባቱ የባሰ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የድሮውን ደንብ ግማሽ ብቻ ይዞ ስለሚነግድ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የገቢ ዕቃ ዋጋ ሲንር፣ የስህተቱ ዋጋም አብሮ ናረ። የማይገባ ጎማ ተማሪውን ለሳምንታት በእግሩ ያስኬደዋል።

በሌላው ዓለም ሳይታዩ መገበያየት ሲጀመር ችግሩ ይኸው ነበር። የቺካጎው ሞንትጎመሪ ዋርድ እ.ኤ.አ. በ1872 በካታሎግ መሸጥ ሲጀምር፣ የገጠሩ ገዥ ላላየው ዕቃ ገንዘብ መላክ ይፈራ ነበር። ድርጅቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ያልተደሰተ ደንበኛ ገንዘቡ እንደሚመለስለት ቃል ገባ፤ ንግዱም በዚህ ቃል ላይ አደገ። በሰሜን አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በትንሽ የሳይክል ሱቅነት የተጀመረው ቼይን ሪአክሽንም፣ በኢንተርኔት ሽያጭ ከዓለም ታላላቅ የሳይክል ዕቃ ነጋዴዎች አንዱ እስከመሆን ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ከባለቤቱ ኩባንያ ቀውስ ጋር ሲወድቅ ግን፣ በሩቅ ያለ ሻጭ ትልቅነት ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ታየ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በስልክ የሚደረግ ውል ሕጋዊ ዕውቅና እንዲያገኝ አድርጓል። የትራንስፖርት ሚኒስቴርም በ2012 ዓ.ም. ለአሥር ዓመት የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቶ ስለ ብስክሌት መንገድ በሰፊው አንሥቷል። መንገዱ መልካም ነው፤ ሳይክሉ በ13 ሚሊ ሜትር ምክንያት ግድግዳ ተደግፎ ከቀረ ግን ለማን ይሠራል? ከሻጮች የሚጠየቀው ከአቅም በላይ አይደለም። ከፎቶው ሥር የጎማውን ትክክለኛ ቁጥር መጻፍ፣ ከመላክ በፊት የገዥውን አሮጌ ዕቃ ፎቶ መጠየቅ፣ ሳይገጠም የተመለሰ ዕቃ በስንት ቀን እንደሚቀየርና የማመላለሻውን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ መናገር ይበቃል። ገዥውም ከመክፈሉ በፊት ስልኩን ለሰፈሩ ሳይክል ሠሪ ቢያሳይ፣ ሠሪው ቁጥሩን በድምፅ መልእክት ቢያስተላልፍ፣ የቀድሞው ባለሙያ ወደ ገበያው ይመለሳል፤ ለዚህ አገልግሎቱም ሊከፈለው ይገባል።