ሉቻኖ ቫሳሎ
ሉቻኖ ቫሳሎ (1927–2015 ዓ.ም.) ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ብቸኛ የሆነውን የአፍሪካ ዋንጫዋን ስታነሣ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል የነበረ የመሀል ሜዳ ተጫዋች ነው። አሥመራ ውስጥ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ። በክለብ ደረጃ ስሙ በይበልጥ የሚነሣው ከድሬዳዋው ኮተን ጋር ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የፍጻሜ ጨዋታ ቡድኑ በይድነቃቸው ተሰማ እየተመራ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ (የዛሬዋን ግብፅ) ገጠመ። ግብፆች 2 ለ 1 ይመሩ ነበር፤ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት አቻ ያደረገችውን ጎል ያገባው ሉቻኖ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አክለው ጨዋታው 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። ሉቻኖም ዋንጫውን ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ጣሊያን ከገባ በኋላ ዝናው ደበዘዘ፤ የ1954ቱ ድል ሲወሳም ቀድሞ የሚጠራው የመንግሥቱ ወርቁ ስም ሆነ። ስሙን ለማደስ የሚጽፉ ሰዎች በብሔራዊ ማሊያ 99 ጎል አገባ ይላሉ፤ ቁጥሩ ግን አከራካሪ ነው፤ ለዝናው ጽኑ መሠረት የሚሆነው አምበልነቱና የፍጻሜዋ ጎል ነው። መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ጣሊያን ውስጥ ዐረፈ።