የክፉ ቀን ዝናብ

ክፉ ቀን የሚባለውን የረሃብ ዘመን ነገር የሰማሁት ከአያቴ ነው፤ እሷ ደግሞ ከእናቷ። በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አካባቢ ሲወራ ሦስት ነገር አንድ ላይ ተደባልቆ ነው፦ በሬው በበሽታ አለቀ፣ የዐፄ ዮሐንስ ጦር አገሩን አጠፋው፣ ሰማዩም ዝናብ ነሳን። በዚችው ከተማ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ከሦስቱ የትኛው ምን ያህል እንደገደለን ማወቅ ዛሬም እፈልጋለሁ።

ሁለቱ በጽሑፍ ይገኛሉ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ልጥቀስ። የከብቱ በሽታ በ1887 በምጽዋ በኩል ከጣሊያኖች ከብት ጋር ገባ። ዐፄ ዮሐንስም የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከምኒልክ ጋር አብረዋል ብለው በ1888 መጨረሻ ጎጃም ላይ ዘመቱ። የዝናቡን ልክ ግን የጻፈው የለም። በአዲስ አበባ ዝናብ በመሣሪያ መለካት የተጀመረው ክፉ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በደብራችን ግቢ አለ፤ የተጠረበው ድንጋይ ስለ ጠራቢዎቹ ጥበብ ብዙ ይነግረናል፤ ያኔ ሐምሌ እንዴት እንደዘነበ ግን አይነግረንም።

ይህን የሚናገር ሌላ ድንጋይ አለ። የዝናብ ውሃ አፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይኮመጥጣል፤ የኖራ ድንጋዩን እያሟሟ ይወርዳል። ዋሻ ውስጥ ሲንጠባጠብ ጋዙን ይለቃል፣ የያዘውን ኖራም እዚያው ያስቀምጣል። ከወለሉ ወደ ላይ የሚያድገው ዓምድ ስታላግማይት ይባላል። ውሃው ዩራኒየም ይዞ ይገባል፤ ቶሪየም ግን በውሃ ስለማይሟሟ ከውጭ እምብዛም አይገባም። ዓምዱ ውስጥ የሚገኘው ቶሪየም በጊዜ ብዛት ከዩራኒየሙ የተወለደ ነው፤ ልኩ ዕድሜውን ይሰጣል። የዝናቡ ሁኔታ ደግሞ በከባዱና በቀላሉ ኦክስጅን መጠን ይፈለጋል።

ይህን ሥራ በአገራችን ካቋቋሙት አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አስፋወሰን አስራት ነው። መጀመሪያ ያጠናው ግራናይት ነበር፤ የትግራዩን ነጋሽና የደቡቡን ኮንሶ። ከዚያ ከዋሻ አጥኚው አንዲ ቤከርና ከአዲስ አበባው መሐመድ ኡመር ጋር ሆኖ በምዕራብ ሐረርጌ ወደ መቻራ ዋሻዎች ገባ። እዚያ ያሉ ስታላግማይቶች በየዓመቱ ንብርብር ይሠራሉ፤ እንደ ዛፍ ቀለበት ይቆጠራሉ። በ2007 ከታተሙት ሥራዎች አንዱ ያለፈውን መቶ ዓመት ያህል የያዙ ሁለት ዓምዶችን ከተለካ ዝናብ ጋር ያስተያየ ነው። እኔ በጣም የማደንቀው ግን ብዙ ያልተወራለትን ነው፦ የዋሻውን ሙቀት፣ እርጥበትና ጠብታ እየተመላለሱ መለካታቸውን። በ2008 የወጣው ይህ ክትትል ያስፈለገበት ምክንያት አለ። ከጣሪያው በላይ ውሃው የሚሄድበት ስንጥቅ ስለሚለያይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ዓምዶች አንዱን ዝናብ ለየብቻ ሊመዘግቡት ይችላሉ። ይህን ሳያጣሩ ድንጋይን ማመን አይቻልም።

መሐመድ ኡመር የሐይቅ ዝቃጭና የአበባ ብናኝ አዋቂ ነበር፤ የባሌ ተራሮችን የዕፅዋት ታሪክ ከጋርባ ጉራቻ ሐይቅ አውጥቷል። የጣና ደለል ሲጠናም ከባልደረቦቹ አንዱ ነበር። ከ16,700 ዓመት ግድም በፊት ጣና ደርቆ እንደነበር፣ ዓባይም ከሐይቁ ይወጣ እንዳልነበር ያሳየው ያ ጥናት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው የዓባይ ልጆች ናቸውና ዝም ይሉ ነበር። መሐመድ በ2011 አረፈ። አስፋወሰን በደቡብ ኢትዮጵያ በጨው ባሕር ቁፋሮም ተሳትፏል፤ በ2014 የወጣው 280 ሜትር ያህል ደለል ወደ 620,000 ዓመት ወደኋላ ይወስዳል።

የኔ ጥያቄ ግን 1888 ላይ ነው ያለው። መቻራ በልግም ክረምትም ይዘንብበታል፤ የኛ አገር ሕይወት ግን ክረምቱ ነው። ስለዚህ የመቻራን ድንጋይ ለጎጃም ምስክር ማድረግ ልክ አይመስለኝም። የጣና ደለልም ስለ ሺህ ዓመታት እንጂ ስለ አንድ ክፉ ዓመት ለመናገር አይመችም። ደጀን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር የሚታየው የኖራ ድንጋይ ከመቻራው ጋር የአንድ ዘመን ነው፤ ሁለቱም በጁራሲክ ባሕር ሥር የተጋገሩ ናቸው። ድንጋዩ ለሲሚንቶ ከመፈጨቱ በፊት ዋሻዎቹን የሚያይ የጂኦሎጂ ተማሪ ይላክልን። በረሃውን የሚያውቁ እረኞችም አሉ፤ ዋሻ ካገኙ ከወለሉ የቆመውን ዓምድ ለጌጥ እንዳይሰብሩት እለምናለሁ። የተሰበረው ጫፍ የቅርቡ ዘመን ነው፤ የአያቴ እናት የተራበችበት ዓመት የሚገኘውም እዚያው ጫፉ አጠገብ ነው።