ራዲያተሩን ከማዛወራችን በፊት



ባለፈው መጋቢት፣ ዝናቡ እንደ ጀመረ፣ በጋራ የገዛናት አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ከሞያሌ አስፋልት ወርዳ መረሬ አፈር ላይ ውሃ አፈላች። የጫነችው ሽንኩርት ነበር። ጭቃው የራዲያተሩን ፊት እንደ ቤት ምርጊት መርጎታል። ሹፌራችንና ረዳቱ ለመጠጥ የያዙትን ውሃ ሳይቀር አፈሰሱበት፤ ግን አልሆነም፤ ቴስታታው ጠሞ ሞተሩ ቆመ። ሁለት ሌሊት እዚያው አደሩ። ሽንኩርቱ ዝናብ ገብቶበት ከግማሽ በላይ በሰበሰ።

መኪናዋ ተጎትታ ስትመጣ መካኒኩ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ «ራዲያተሩን ከፊት ነቅለን ከካቢናው ጀርባ ከፍ አድርገን እንትከለው። እዚያ ጭቃ አያገኘውም።» ሥራውን በአንዱ የእኛ ግቢ ውስጥ ሊሠራው ይችላል። ዋጋው ግን የአንድ ዙር እቁባችንን የሚበላ ነው። ግማሾቻችን «ይሁን» አልን፣ ግማሾቻችን ፈራን። ነጋዴ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ከየት እንደመጣ ይጠይቃልና እኛም ይህ ራዲያተር የሚባል ነገር መጀመሪያ ለምን ፊት ለፊት እንደተቀመጠ፣ ከቦታው ያነሱት ሰዎችስ ምን እንዳተረፉና ምን እንደከሰሩ ጠየቅን። ያገኘነውን እነሆ። ስለ ጥንቱ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ራዲያተር የሚባል ነገር አልነበረም። ካርል ቤንዝ በ1886 የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘባት ባለሦስት ጎማ መኪና ሞተሯን የምታቀዘቅዘው ውሃ በማፍላት ነበር። ውሃው ይፈላል፣ ይተናል፣ ያልቃል፤ ከዚያ እንደገና ይሞላል። በነሐሴ 1888 ሚስቱ በርታ ቤንዝ ባሏ ሳያውቅ ሁለት ልጆቿን አሳፍራ ከማንሃይም ወደ ፕፎርዝሃይም፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳች። ነዳጅ ከመድኃኒት ቤት ገዛች፤ የተዘጋ የነዳጅ ቱቦ በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተች፤ ውሃ ግን ባገኘችበት ሁሉ እየቆመች መቅዳት ነበረባት። ጉድጓድ ባየን ቁጥር የምንቆም እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ ሴትዮዋን የምናውቃት መሰለን።

ነገሩን የለወጠው ቪልሄልም ማይባክ ነው። በዳይምለር ፋብሪካ ሠርቶ በ1901 በወጣው መርሴዲስ 35 ላይ የገጠመው ራዲያተር እንደ ማር እንጀራ የተሠራ ነበር። 8,070 ጥቃቅን ባለአራት ማዕዘን ቱቦዎች ነበሩት፤ የእያንዳንዱ ጎን 6 ሚሊሜትር ነው። ነፋስ በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል፣ ውሃው በመካከላቸው ይወርዳል። ብዙ ገጽ ነፋስ ስለሚነካ ለዚያ ትልቅ ሞተር 9 ሊትር ውሃ በቃው። ከዚያ ወዲህ ራዲያተር የመኪና ፊት ሆነ። ከፊት የተቀመጠበት ዋና ምክንያትም ቀላል ነው፦ መኪናው ሲሄድ ነፋሱ በነጻ የሚመጣው ከፊት ስለሆነ ነው።

ሆኖም ከፊት የሚመጣው ነፋስ ብቻ አይደለም። ድንጋይም፣ ጭቃም፣ የሌላ መኪና ፓራውልትም ይመጣል። ስለዚህ ራዲያተርን ማዛወር እንደ ራዲያተሩ ያረጀ ሐሳብ ነው። የፈረንሳዩ ሬኖ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ራዲያተሩን ከሞተሩ ኋላ፣ ከሾፌሩ ፊት አስቀመጠው። በመስከረም 1914 ወታደር ጭነው ከፓሪስ ወደ ማርን ግንባር የሄዱት 600 ገደማ ታክሲዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሬኖዎች ነበሩ። በአሜሪካም ማክ የተባለው ፋብሪካ በ1916 ባወጣው «ኤሲ» የጭነት መኪና ላይ ይህንኑ አደረገ። ያ መኪና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ጭቃና ፍርስራሽ ላይ ሠርቶ «ቡልዶግ» የሚል ስም አተረፈ። ኮፈኑ ወደ ፊት ያዘነበለ ነው፤ ቢጋጭም የሚፈስ ውሃ ከፊቱ የለም።

ዋጋውስ? ራዲያተሩ ከነፋስ መንገድ ስለወጣ ነፋሱን በጉልበት ማምጣት ግድ ሆነ። ለዚህም ከሞተሩ ጋር የሚዞር ብርቱ ማራገቢያ ተሠራለት። የሞተሩ ሙቀትም ወደ ሾፌሩ ቀረበ። ሬኖ ራሱ በ1920ዎቹ መጨረሻ ራዲያተሩን ወደ ፊት መለሰ። የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፦ ራዲያተርን ከጭቃ ያሸሸ ሰው ከነፋስም ያሸሸዋል፤ ነፋሱን ደግሞ ከኪሱ ከፍሎ ይገዛዋል።

ለእኛ መንገድ የሚቀርበው ታሪክ ግን የግብፅና የሊቢያ በረሃ ታሪክ ነው። ራልፍ ባግኖልድ የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ግብፅ ተመድቦ ሳለ በ1920ዎቹ መጨረሻ ከጓደኞቹ ጋር በዕረፍት ጊዜው፣ በራሳቸው ገንዘብ፣ በፎርድ ሞዴል ቲ ከዚያም በሞዴል ኤ መኪናዎች በረሃውን ማቋረጥ ጀመረ። ለስላሳ አሸዋ ላይ መኪና በትንሽ ማርሽ እየጮኸ ነው የሚሄደው፤ ነፋስም ከኋላ ከመጣ ራዲያተሩ ይፈላል። የፈላው ውሃ በትርፍ ቱቦው ወጥቶ አሸዋ ላይ ይቀራል። በዚያ በረሃ ደግሞ ውሃ ማለት ሕይወት ነው።

እነ ባግኖልድ ራዲያተሩን ከቦታው አላነሡትም። ያነሡት የእንፋሎቱን መንገድ ነው። ትርፍ ቱቦውን ደፈኑት፤ ከራዲያተሩ አናት እንፋሎቱን በቱቦ አውጥተው በመኪናው ጎን ወደታሰረ፣ ግማሽ ድረስ ውሃ ወደያዘ ጣሳ አስገቡት። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ውሃ ሲያገኝ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ጣሳው ራሱ ሲፈላ ሾፌሩ መኪናውን ወደ ነፋስ አዙሮ ይቆማል። ትንሽ ሲቀዘቅዝ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ይጨማደድና በጣሳው ያለውን ውሃ እያንጎራጎረ መልሶ ይስበዋል። መጋጠሚያዎቹ እስካላፈሰሱ ድረስ አንድ ጠብታ አይጠፋም።

በ1940 ጦርነቱ ወደ ሊቢያ ሲዛመት ባግኖልድ በጄኔራል ዌቬል ፈቃድ ካይሮ ላይ የረጅም ርቀት የበረሃ ቡድን አቋቋመ። ተራ የሼቭሮሌት ጭነት መኪናዎች ተሰበሰቡ። በርና የፊት መስታወታቸው ተነቀለ፣ ሞላቸው ተጠናከረ፣ ያ የውሃ ጣሳም በየመኪናው ተገጠመ። ወታደሮቹ በብዛት ከኒውዚላንድ የመጡ ነበሩ። በእነዚያ መኪናዎች ማንም አያልፍበትም በተባለ በረሃ ከጠላት ጀርባ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጓዙ።

በዚያው በረሃ ጀርመኖች ሌላ መልስ ይዘው መጡ። ኩቤልቫገን የተባለችው ቀላል የጦር መኪናቸው በነፋስ ብቻ የምትቀዘቅዝ ነበረች፤ ራዲያተር ጭራሽ የላትም። የእሷ እኅት አዲስ አበባ ውስጥ «ቮልስ» ብለን የምናውቃት ናት። ዛሬ በየከተማው የምንሳፈርባት ባጃጅም እንዲሁ ያለ ራዲያተር፣ በነፋስ ትቀዘቅዛለች። በየቤታችን ያለው ጀሪካን ራሱ የዚያ ጦርነት ትራፊ ነው። ጀርመኖች በ1930ዎቹ የሠሩትን 20 ሊትር የሚይዝ ጠንካራ ዕቃ እንግሊዞች አይተው ቀኑ፤ የእነሱ ቆርቆሮ እያፈሰሰ ነዳጃቸውን ይጨርስባቸው ነበርና። ጀርመኖችን «ጄሪ» ይሏቸው ስለነበር የዕቃውም ስም ከዚያ ወጣ።

ከጦርነቱ በኋላ ራዲያተርን ማዛወር የእሽቅድምድምና የመዝናኛ ሰዎች ሥራ ሆነ። በ1967 በሜክሲኮ ባሃ በረሃ የተጀመረውን ውድድር ያሸነፈችው በቮልስዋገን ሞተር የተሠራች፣ ራዲያተር የሌላት ቀላል መኪና ነበረች። በኋላ የመጡት ትልልቅ የውድድር ፒክአፖች ራዲያተራቸውን ወደ ኋላ፣ ጭነቱ ቦታ ላይ አወጡት፤ ብዙ የኤሌክትሪክ ማራገቢያም ገጠሙለት። በደቡባዊ አሜሪካ ረግረግ የሚነዱ ሰዎች ደግሞ ባለአራት ጎማ ሞተራቸው ላይ ዝቅ ብሎ የተተከለውን ራዲያተር ጭቃ ሲደፍንባቸው በየግቢያቸው ነቅለው ከፊት ፖርቶ መጋላው ላይ አቆሙት። የእኛ መካኒክ ሐሳብ የእነዚህ ሰዎች ሐሳብ ዘመድ ነው። ሞኝነት አይደለም፤ በየቀኑ ጭቃና ውሃ ውስጥ ለሚገባ ትክክለኛ መልስ ሊሆን ይችላል።

ሥራው ግን ብሎን ፈትቶ ብሎን ማሰር ብቻ አይደለም። ካነበብነውና ከጠየቅናቸው መካኒኮች የተረዳነው ይህን ነው። ራዲያተሩ ሲርቅ ቱቦው ይረዝማል፤ ስፋቱ ከቀድሞው ከጠበበ፣ ወይም መታጠፊያው ላይ ከተጨማደደ፣ ፖምፓው ውሃውን መግፋት ያቅተዋል። ውሃ የሚሞላበት ክዳን ከሁሉም ከፍ ያለ ቦታ ላይ መሆን አለበት፤ ያለዚያ አየር ከላይ ይታሰርና ውሃው እያለ ቴስታታው ይቃጠላል። የሙቀት ጌጁም ውሃ ባልነካው ጊዜ እውነቱን አይናገርም። በሞተሩ የሚዞረው ማራገቢያ አዲሱ ቦታ ስለማይደርስ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ፣ ከነፊውዙና ከነሬሌው፣ ያስፈልጋል። ከካቢና ጀርባ ደግሞ ነፋሱን ካቢናው ይከልለዋል፤ ጭነት ከተቆለለበት የባሰ ነው። የፈላ ውሃ የያዘ ቱቦ ሰው በሚቀመጥበት በኩል ካለፈና ከፈነዳ ሰው ያቃጥላል። ጭነት ላይ ሰው የምናሳፍር እኛ ይህን መርሳት የለብንም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህ ደግሞ የአገራችን ነው። ጅቡቲ ባሕር ጠረፍ ላይ ክፍት ድስት ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ከቆላ ወደ ደጋ ጭነት ይዛ የምትወጣ መኪና አየሩ ቢቀዘቅዝላትም ውሃዋ ቶሎ የመፍላት ዕድል አለው። ይህን የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ውስጡ ያለው ሞላ ግፊቱን አምቆ የመፍያውን ነጥብ በባሕር ጠረፍ ወደ 120 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። ከዚያ ሲያልፍ ትርፉን በቀጭን ቱቦ ወደ ጎን ጠርሙስ ይለቃል፤ ሞተሩ ሲበርድ መልሶ ይስበዋል። ይህ እንግዲህ የእነ ባግኖልድ ጣሳ ነው፤ ፕላስቲክ ለብሶ በየመኪናችን ኮፈን ሥር ተቀምጧል።

ይህን ካነበብን በኋላ ኮፈኑን ራሳችን ከፈትን። የእኛ ጠርሙስ የለም። ማን መቼ እንዳነሣው አናውቅም። ቀጭኑ ቱቦ ጫፉ መሬት እያየ ተንጠልጥሏል። የክዳኑ ጎማም ደርቆ ተሰንጥቋል። ይህች መኪና ስንት ዓመት ውሃዋን መንገድ ላይ ስትጥል ኖራለች! ጭቃው ጥፋተኛ ነው፤ ግን ብቻውን አይደለም። እኛም ሽንኩርት ስንቆጥር ኮፈን ከፍተን አላየንም። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለውን ለሰው እንመክራለን እንጂ ለራሳችን ረሳነው።

ራዲያተሩን አላዛወርነውም። ተነቅሎ ወጣ፤ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ በውሃ ታጠበ (ከፊት በብርቱ ከተመታ ጭቃው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ክንፎቹም ይተኛሉ)። የታጠፉት ክንፎች አንድ በአንድ ተቀኑ። አዲስ ክዳንና ጠርሙስ ተገጠመ፣ ከፊቱም በቀላሉ የሚነሣ ወንፊት ታሰረ። እቁቡ የቴስታታውንና የጓርኒሲዮኑን ሥራ ከፈለ፤ የተረፈው ተመለሰ። በጥቅምቱ ዝናብ መኪናዋ ወደዚያው መንገድ ወጣች። ረዳቱ በየቆመበት ወንፊቱን አንሥቶ ጭቃውን ያራግፋል። ውሃ ሳታፈላ ተመልሳለች። አንድ ዝናብ ምስክር ይበቃል አንልም፤ የመጋቢቱን ደግሞ እናያለን።

ያን ጊዜም ካፈላች መካኒኩን እንጠራዋለን፣ እናዛውረውም ይሆናል። ያኔ ግን የምንከፍለው ለምን እንደሆነ አውቀን ነው፦ ለነፋሱ፣ ለቱቦው፣ ለማራገቢያውና አየር ለሚወጣበት ቦታ። እናንተም ዛሬ ማታ፣ ሞተሩ ሲበርድ፣ ኮፈኑን ክፈቱና ጠርሙሱ በቦታው እንዳለ እዩ። የጋለ ራዲያተር ክዳን ግን አትንኩ። ራዲያተሩን አዛውሮ በደህና የሚነዳ ካለም እንዴት እንደሠራው ይጻፍልን፤ ከእኛ ስህተት ይልቅ ከእሱ ሥራ ብንማር ይሻላል።

መልካም መንገድ!