መጽሐፍን በብርሃን ስለ መገልበጥ

የኢትዮጵያ ሊቃውንት መጽሐፍን ከጥፋት ሲጠብቁ የኖሩት በመገልበጥ ነው። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆ፥ መስመሩን አስምሮ፥ ቀለሙን በጥብጦ፥ ብርዑን ቀርጾ ወራት ሙሉ ሲደክም ከአንዱ መጽሐፍ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል። ዳዊቱም ድርሳኑም ገድሉም እስከ ዛሬ የደረሰው በዚህ ድካም ነው። ነገር ግን ጸሐፊ ሰው ነውና ይደክማል፤ መስመር ይዘላል፤ ቃል ይለውጣል። ደግሞም የሚገለብጠው ዋናውን ንባብ ነው እንጂ በኅዳጉ የተጻፈውን የርስት፥ የስጦታና የንዋየ ቅድሳት ማስታወሻ አይደለም። ስለዚህ ፎቶግራፍ በመጣ ጊዜ ሁለተኛ መንገድ ተከፈተ፤ ይኸውም መጽሐፍን በብርሃን መገልበጥ ነው። ዝናብ የሚበዛባቸው የኢሉባቦር ከተሞች ይህን ነገር ተግተው ሊያስቡበት የሚገባቸው ምክንያት አላቸው፤ ነገር ግን አስቀድሞ የሥራውን ታሪክ ማወቅ ይበጃል።

ጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት በፈረንጅ ቁጥር በ1968ና በ1969 በጣና ደሴቶች ገዳማት የነበሩትን ብዙ መጻሕፍት በማይክሮፊልም አነሣ። ከዚህም በኋላ በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፥ በአሜሪካ በሚኔሶታ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍትና የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ታላቅ ሥራ ጀመሩ። አብዮቱ ቢፈነዳም ሥራው ቀጠለ፤ በፍጻሜውም የዘጠኝ ሺሕ ያህል መጻሕፍት መልክ በፊልም ተያዘ። ዝርዝሩን ከ1975 ጀምሮ በአሥር ቅጽ ያወጡት ዊልያም ማኮምበርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ከአገራቸው ርቀው በሚኔሶታ ተቀምጠው፥ ብራናውን በእጃቸው ሳይዙ ገጹን በፊልም እያነበቡ ለዓለም ሊቃውንት አስታወቁ።

የዚህን ሥራ ጥቅም ለማየት የሐይቅ እስጢፋኖስን ወንጌል ማሰብ ይበቃል። ይህን ወንጌል አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ነው። ወንጌሉ እንደ ሌላው ወንጌል ሁሉ ማቴዎስን፥ ማርቆስን፥ ሉቃስንና ዮሐንስን ይዟል፤ ነገር ግን የታሪክ ጸሐፊዎች የሚፈልጉት ከዚያ በተጨማሪ የተጻፈውን፥ ይኸውም የሰጪውን ሥዕልና ገዳሙ የነበረውን የመጻሕፍት ዝርዝር ነው። ቁም ጸሐፊ ይህን ወንጌል ለሌላ ደብር ቢገለብጠው ኖሮ ዝርዝሩን ይተወው ነበር፤ የሌላ ደብር ሀብት ለእርሱ ምኑ ነው? ብርሃን ግን ያሳዩትን ሁሉ ይወስዳል፤ ጸሐፊ የናቀውን አይንቅም።

ሆኖም ፊልሙም ጕድለት ነበረበት። ጥቁርና ነጭ ስለ ነበረ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም የተጻፈበት ቀይ ቀለም ይፈዛል፤ ወይም ከጥቁሩ ጋር ይመሳሰላል። ፊልም ራሱም በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻል። ስለዚህ በዚህ መቶ ዓመት መጀመሪያ ሥዕሉን በቀለሙ የሚይዘው የዲጂታል ካሜራ ተተካ። በ2006 የጉንዳ ጉንዶ ገዳም መጻሕፍት በዚህ መንገድ ተነሡ። ከ2009 እስከ 2015 ደግሞ የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በትግራይ የብዙ አድባራትን መጻሕፍት አነሡ። ከ2020 እስከ 2022 በዚያ አገር በተደረገው ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ሲጎዱና መጻሕፍት ሲዘረፉ፥ ሥዕሉ አስቀድሞ ባይነሣ ኖሮ ምን ይጠፋ እንደ ነበረ ሁሉም አስተዋለ።

ነገር ግን ሥዕል ሁሉ ምስክር አይሆንም። የግዕዝ ፊደል በጥቂት ጭረት ይለያል፤ «ነገረ» ያለው «ነገሩ» የሚሆነው በ«ረ» ላይ በምትቀጠል አንዲት ትንሽ ጭረት ነው፤ አንድ የነበረው ተናጋሪም ብዙ ይሆናል። ቅኔን የተማረ ሰው በዚህች ጭረት ምስጢር እንደሚቆምና እንደሚወድቅ ያውቃል። በእጅ ስልክ በጥድፊያ የተነሣ፥ ጥላ ያረፈበት ገጽ ይህችን ጭረት ያጠፋታል። ሥዕሉን ለማሳነስ ሲባል የሚጨመቀው ጄፔግ የተባለው ዓይነትም መጭመቁ ሲበዛ የፊደሉን ጠርዝ ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ለዘለቄታ የሚቀመጠው ዋና ቅጂ ቲፍ በተባለው፥ ከተነሣው ምንም በማይጥለው ዓይነት ይያዛል፤ በአንድ ኢንችም ከ300 ነጥብ ማነስ የለበትም። ጄፔግ ግን ለማንበቢያና ለመላኪያ ይበቃል።

አሁን ወደ ኢሉባቦር እንመለስ። ጎሬ በራስ ተሰማ ናደው ዘመን የምዕራብ ታላቅ ከተማ ነበረች፤ የአገሩም ቡና በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ ልዑል ራስ እምሩ የመንግሥቱን ሥራ የያዙት በጎሬ ነው፤ በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ጳጳሱ አቡነ ሚካኤል በዚያው በጠላት እጅ በሰማዕትነት ዐረፉ። ከዚያ በኋላ የአስተዳደሩ መቀመጫ ወደ መቱ ተዛወረ። የዚህ አገር አብያተ ክርስቲያናት እንደ አክሱምና እንደ ሐይቅ የሺሕ ዓመት ዕድሜ ያላቸው አይደሉም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው «ከእነርሱ ምን ጥንታዊ መጽሐፍ ይገኛል?» ይላል።

ይህ አሳብ ስሕተት ነው። የአንድ ከተማ ታሪክ የሚገኘው በመጽሐፉ ዕድሜ ብቻ አይደለም። ማን መጽሐፉን ገዝቶ ሰጠ፥ ማን መሬት ለቤተ ክርስቲያን ተከለ፥ ማን ተጠመቀ፥ ማን ተጋባ የሚለው ነገር በኅዳግና በወረቀት መዝገብ ይገኛል። ወረቀት ደግሞ ከብራና ይልቅ ደካማ ነው። በመቱና በጎሬ፥ በቡሬና በበደሌ ዝናቡ ብዙ ወር ይዘልቃል፤ ብራና ቆዳ ነውና እርጥበት ጠጥቶ ይኮማተራል፤ ወረቀቱን ሻጋታና ምስጥ ይካፈሉታል። የመቶ ዓመት መዝገብ በዚህ አየር ውስጥ በደረቁ ደጋ ካለው የአምስት መቶ ዓመት ብራና ይልቅ ለጥፋት ቅርብ ነው።

ሥራውም ከአቅም በላይ አይደለም። በጋ ተመርጦ መጽሐፉ በንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ካሜራው ከላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መብራት ከግራና ከቀኝ እኩል ይበራል፤ ስፌቱ እንዳይበጠስ መጽሐፉ በግድ አይለጠጥም። መለኪያና የቀለም ሰሌዳ በአጠገቡ ይቀመጣል። ማኅደሩ፥ ገበታው፥ ባዶው ቅጠል እንኳ ሳይቀር በተራ ይነሣል፤ ሁሉም የደብሩን ስምና የቅጠሉን ቍጥር ይይዛል። ስም የሌለው ሥዕል መቃብሩ እንደማይታወቅ ሙት ነው።

አንዳንድ ካህናት ሥዕሉ ሌባ ይጠራል ብለው ይፈራሉ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰዳቸው መጻሕፍት እስከ ዛሬ በሎንዶን መኖራቸውን የሚያውቅ ሰው ይህን ፍርሃት ከንቱ ሊለው አይችልም። ነገር ግን ሥዕሉ የተያዘ መጽሐፍ ቢሰረቅ በየትም ገበያ ቢወጣ ይታወቃል፤ ባለቤቱም ቀርቦ ሊከራከርበት ይችላል፤ ሥዕል የሌለው መጽሐፍ ግን ሲጠፋ እንዳልነበረ ይሆናል። ስለዚህ መድኃኒቱ መከልከል ሳይሆን ሥርዓት ነው፤ መጽሐፉ ከደብሩ አይውጣ፤ የሥዕሉ አንድ ቅጂ በደብሩ፥ ሁለተኛው በሀገረ ስብከቱ፥ ሦስተኛው ርቆ በሌላ ከተማ ይቀመጥ፤ በየዓመቱም ይመርመር። ማን እንዲያየው እንደሚፈቀድ ደብሩ ራሱ ይወስን።

አባቶች ብራናውን በትከሻና በበቅሎ ተሸክመው ጫካውን አቋርጠው ወደዚህ አገር አመጡት። ዛሬ የሚጠየቀው ያን ያህል አይከብድም፤ አንድ በጋ፥ አንድ ካሜራና ትዕግሥት ያለው ዲያቆን ይበቃል። ክረምቱ ግን በየዓመቱ ይመጣል፤ የዘንድሮውን ገጽ የሚቀጥለው ዓመት ላያገኘው ይችላል።