በጨዋታ ማሻሻያ ፋይሎች የሚሰራጩ ጎጂ ፕሮግራሞችና የመከላከያ መንገዶቻቸው

በኮምፒውተር ጨዋታዎች ላይ አዳዲስ ገጸ ባህርያትን፣ ካርታዎችን፣ አልባሳትንና ደንቦችን ለመጨመር ተጫዋቾች ራሳቸው የሚያዘጋጇቸው የማሻሻያ ፋይሎች በዘርፉ አጠራር "ሞድ" ይባላሉ። እነዚህ ፋይሎች በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች ተዘጋጅተው በነጻ የሚቀርቡ ሲሆኑ፣ ጨዋታዎች ለገበያ ከቀረቡ ከዓመታት በኋላም ተወዳጅነታቸው እንዳይቀንስ ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያደርጋሉ። ይሁን እንጂ የመረጃ ጠላፊዎች ሞዶችንና የሚለቀቁባቸውን ድረ ገጾች የይለፍ ቃል፣ የባንክ ካርድ መረጃና የዲጂታል ገንዘብ ለመስረቅ ሲጠቀሙባቸው ቆይተዋል።

የአደጋው መሠረታዊ ምክንያት

ብዙ ተጫዋቾች ሞድን እንደ ፎቶግራፍ ወይም እንደ ሙዚቃ ፋይል አድርገው ይመለከቱታል። በተጨባጭ ግን ብዙ ሞዶች የፕሮግራም ኮድ የያዙ ናቸው። ለአብነት ያህል፣ ጃቫ በተሰኘው የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራው የማይንክራፍት ጨዋታ ዕትም ሞዶች ጨዋታውን የከፈተው ተጠቃሚ ያለውን ፈቃድ ሁሉ ይዘው ይሠራሉ። በዚህም ምክንያት አንድ ሞድ ጨዋታውን ከመለወጥ አልፎ በኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጡ ሰነዶችን ማንበብ፣ ከኢንተርኔት ሌላ ፕሮግራም ማውረድና መረጃ ወደ ውጭ መላክ ይችላል።

ከችግሩ ሰለባዎች መካከል ታዳጊዎች መኖራቸው ጉዳዩን አሳሳቢ ያደርገዋል። አንድ ኮምፒውተር መላው ቤተሰብ በሚጠቀምበት ቤት ልጁ ለጨዋታ ያወረደው ፋይል የወላጆችን የኢሜይልና የባንክ መረጃ ለጠላፊ አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል።

የ2023ቱ ጥቃት

በዘርፉ በስፋት ከሚጠቀሱት ጥቃቶች መካከል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰኔ 2023 መጀመሪያ ላይ የተደረሰበትና "ፍራክቸራይዘር" የሚል ስያሜ የተሰጠው ጎጂ ፕሮግራም ይገኝበታል። ፕሮግራሙ የተሰራጨው ከርስፎርጅና ቡኪት በተባሉት ታዋቂ የማይንክራፍት ሞድ ማከፋፈያዎች በኩል ነበር። ስያሜውን ያገኘውም ከተበከሉት ፋይሎች ዋና ዋናዎቹን ከለቀቀው አካውንት መጠሪያ ነው።

ጥቃቱን ልዩ የሚያደርገው የተስፋፋበት መንገድ ነው። ጠላፊዎቹ በመጀመሪያ በአዳዲስ አካውንቶች የተበከሉ ሞዶችን ለቀቁ። "ቤተር ማይንክራፍት" የተሰኘውን ተወዳጅ የሞዶች ስብስብ ከሚያዘጋጀው ቡድን አንድ አባል ከእነዚህ መካከል አንዱን አውርዶ በመሞከሩ አካውንቱ ተወሰደ። ከዚያም ጠላፊዎቹ በተወሰደው አካውንት የተበከለ ማሻሻያ በስብስቡ ስም ለቀቁ። ለረዥም ጊዜ ያመኑትን ስም አይተው ያወረዱ ተጫዋቾችም የጥቃቱ ሰለባ ሆኑ።

ፕሮግራሙ ደረጃ በደረጃ የሚሠራ ሲሆን፣ በመጨረሻው ደረጃ ላይ በኢንተርኔት ማሰሻዎች የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን፣ የማይንክራፍትና የዲስኮርድ አካውንቶች መግቢያ መረጃዎችን ይሰርቅ ነበር። ተጠቃሚው ኮፒ ያደረገውን የዲጂታል ገንዘብ ሂሳብ አድራሻም በጠላፊው አድራሻ ይተካ ነበር። ከሁሉም በላይ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገኙ ሌሎች የጃቫ ፋይሎችን ስለሚበክል፣ መጀመሪያ የወረደውን ሞድ ብቻ መሰረዝ መፍትሔ አልነበረም። ጥቃቱ በዊንዶውስም ሆነ በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ ይሠራ ነበር።

ጥቃቱን በመመርመር ረገድ ከፍተኛውን ድርሻ የተወጡት የሞድ አዘጋጆችና በጎ ፈቃደኛ ባለሙያዎች ናቸው። የፕሮግራሙን አሠራር ተንትነው የመለያ ምልክቶቹን ለሕዝብ ይፋ ያደረጉ ሲሆን፣ ከርስፎርጅም ተጠቃሚዎች ኮምፒውተራቸውን የሚፈትሹበት መሣሪያ አቅርቧል።

ሌሎች ተመሳሳይ ክስተቶች

ችግሩ በአንድ ጨዋታ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በግንቦት 2015 "ግራንድ ቴፍት አውቶ 5" ለተሰኘው ጨዋታ የተዘጋጁት "አንግሪ ፕሌንስ" እና "ኖክሊፕ" የተባሉ ሞዶች በቁልፍ ሰሌዳ የሚጻፈውን ሁሉ የሚመዘግብ ፕሮግራም ይዘው መገኘታቸው ይታወሳል።

በየካቲት 2023 አቫስት የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ "ዶታ 2" በተሰኘው ጨዋታ ውስጥ አራት ጎጂ የማሻሻያ ጨዋታዎችን ማግኘቱን ይፋ አድርጓል። ጠላፊው የተጠቀመው ጉግል በ2021 የዘጋውን፣ በጨዋታው ውስጥ ግን በወቅቱ ያልታደሰውን የሶፍትዌር ክፍተት ነበር። የጨዋታው ባለቤት ቫልቭ ክፍተቱን በጥር 2023 ዘግቷል።

በታኅሣሥ 25 ቀን 2023 ደግሞ "ዳውንፎል" የተሰኘው የ"ስሌይ ዘ ስፓየር" ሞድ አዘጋጆች አካውንት ተወስዶ፣ በስቲም መደብር በኩል ለአንድ ሰዓት ያህል መረጃ ሰራቂ ፕሮግራም ተሰራጭቷል። ቀኑ በምዕራባውያን ዘንድ የገና በዓል በመሆኑ ብዙ ተጫዋቾች በእረፍት ላይ ነበሩ። ጥቃቱ በስቲም ለብቻው የተለቀቀውን የሞዱን ዕትም እንጂ ዋናውን ጨዋታ አልነካም።

እነዚህ ክስተቶች የሚያሳዩት የታወቀ ድረ ገጽ መጠቀም አደጋውን የሚቀንስ እንጂ ፈጽሞ የሚያስቀር አለመሆኑን ነው።

አላስፈላጊ መልዕክቶችና ሐሰተኛ ድረ ገጾች

ከተበከሉ ሞዶች ጎን ለጎን በአስተያየት መስጫዎችና በግል መልዕክቶች የሚሰራጩ አላስፈላጊ መልዕክቶች ወይም ስፓሞች ሌላው የጥቃት መንገድ ናቸው። "የተሻሻለው ሞድ እዚህ ይገኛል"፣ "የሠራሁትን ጨዋታ ሞክርልኝ" ወይም "ነጻ ሽልማት አግኝተዋል" የሚሉ መልዕክቶች ተጠቃሚውን ወደ ሌላ ድረ ገጽ ይወስዳሉ። መልዕክቱ ከጓደኛ አካውንት መላኩ ብቻ የመተማመኛ ምክንያት አይሆንም፤ የጓደኛው አካውንት ራሱ ተሰርቆ ሊሆን ይችላልና።

ያለ አዘጋጆቹ ፈቃድ ሞዶችን ገልብጠው የሚያወጡ ድረ ገጾችም አሉ። በእነዚህ ገጾች ላይ እውነተኛውን የማውረጃ ቁልፍ የሚመስሉ በርካታ ማስታወቂያዎች ስለሚገኙ ተጠቃሚው ሳያውቅ ሌላ ፕሮግራም ሊያወርድ ይችላል። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ፋይል ልከው "ከመክፈትዎ በፊት አንቲ ቫይረስዎን ያጥፉ" የሚሉ መመሪያዎች ደግሞ ግልጽ የአደጋ ምልክት ተደርገው መወሰድ ይኖርባቸዋል። ፋይሉ የሚቆለፈው ብዙውን ጊዜ የፍተሻ ፕሮግራሞች ውስጡን እንዳያዩት ለማድረግ ነው።

መወሰድ ያለባቸው ጥንቃቄዎች

ተጫዋቾች ከሁሉ አስቀድሞ ሞዶችን አዘጋጁ ራሱ ካመለከተው ገጽ ብቻ ማውረድ ይገባቸዋል። አዲስ የተለቀቀን ሞድ ወይም ማሻሻያ ወዲያው ከማውረድ ይልቅ ለጥቂት ቀናት ጠብቆ የሌሎችን አስተያየት ማንበብም ጠቃሚ ነው። ቀለምን ወይም ሥዕልን ብቻ እለውጣለሁ የሚል ሞድ የመጫኛ ፕሮግራም ይዞ ከመጣ ጥርጣሬ ሊፈጥር ይገባል።

የወረደውን ፋይል ከመክፈት በፊት በአንቲ ቫይረስ መፈተሽ፣ እንዲሁም በበርካታ የፍተሻ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ በሚመረምረው ቫይረስ ቶታል ላይ ማሳየት ይቻላል። ይሁንና አዲስ የተሠራ ጎጂ ፕሮግራም ገና ሳይታወቅ ሊያልፍ ስለሚችል "ንጹህ ነው" የሚል ውጤት ሙሉ ዋስትና ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ለሞድ ድረ ገጾች ከዋናው ኢሜይል የተለየ አድራሻና ሌላ ቦታ ያልዋለ የይለፍ ቃል መጠቀም፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ማብራት፣ የባንክ ካርድ መረጃን በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ አለማስቀመጥና ልጆች የአስተዳዳሪ ፈቃድ በሌለው የኮምፒውተር አካውንት እንዲጫወቱ ማድረግ ጉዳቱን ይቀንሳሉ።

ጥቃት ከደረሰ በኋላ

ኮምፒውተሩ መበከሉ ከተጠረጠረ በመጀመሪያ ከኢንተርኔት መነጠል አለበት። ቀጥሎም የይለፍ ቃሎችን መቀየር የሚገባው ከሌላ ንጹህ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ነው። በተበከለው ኮምፒውተር ላይ የተቀየረ አዲስ የይለፍ ቃል እንደገና ሊሰረቅ ይችላል።

የይለፍ ቃል መቀየር ብቻውን ግን በቂ ላይሆን ይችላል። መረጃ ሰራቂ ፕሮግራሞች ተጠቃሚው አካውንቱ ውስጥ መግባቱን የሚያረጋግጠውን መለያ ጭምር ስለሚወስዱ፣ ጠላፊው የይለፍ ቃልም ሆነ ሁለተኛ ማረጋገጫ ሳይጠየቅ ሊገባ ይችላል። ስለሆነም "ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ" የሚለውን አማራጭ መጠቀም ያስፈልጋል። የካርድ መረጃ ተቀምጦ ከነበረ ለባንኩ ማሳወቅ፣ አስፈላጊ ሰነዶችን ብቻ አስቀርቶ የኮምፒውተሩን ሥርዓተ ክወና እንደ አዲስ መጫንና ጓደኞችን ማስጠንቀቅ ቀጣዮቹ እርምጃዎች ናቸው።

በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 958/2008 ጉዳት ለማድረስ የተዘጋጀ ፕሮግራም ማሰራጨትንና ያለ ተቀባዩ ፈቃድ በኮምፒውተር የሚላኩ ማስታወቂያዎችን በወንጀል ያስጠይቃል። ሆኖም ጠላፊዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተጎጂዎቹ ከሚገኙበት አገር ርቀውና ስማቸውን ሰውረው ስለሚሠሩ የተወሰደን ገንዘብ ወይም አካውንት ማስመለስ አዳጋች ነው። በመሆኑም ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር አስቀድመው መነጋገራቸው፣ ልጆችም ስህተት ሲፈጽሙ ቅጣት ሳይፈሩ ወዲያውኑ እንዲናገሩ መበረታታታቸው ጉዳቱን በእንጭጩ ለመግታት ያስችላል።