ሄምፕ፣ ረጅም ሌሊትና ዡልየን ቱርንዋ

ዕፅዋት የሚያብቡበትን ጊዜ የቀንና የሌሊት ርዝመት እንደሚወስነው የታወቀበት ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከአሜሪካ ይጀመራል። ጋርነርና አላርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በአርሊንግተን እርሻ ትምባሆና አኩሪ አተር ጨለማ ቤት እያስገቡ ቀኑን አሳጠሩባቸው፤ ውጤቱንም በ1920 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። እኔ ግን ታሪኩ ከፓሪስና ለቃጫ ከሚዘራው ካናቢስ፣ ከሄምፕ፣ መጀመር አለበት እላለሁ። ፈረንሳዊው ዡልየን ቱርንዋ ሄምፕንና የቢራ ጌሾ ዘመድ የሆነን ሐረግ በክረምት በመስታወት ቤት ሲዘራ፣ ገና ጥቂት ቅጠል እንዳወጡ ሲያብቡ አየ። ነገሩን በ1912 አስታወቀ። በ1914 ደግሞ ቶሎ ያበቡት ከቀኑ ማጠር ይልቅ በሌሊቱ መርዘም ነው ብሎ ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ገደለው፤ ሥራው ተተኪ አጣ።

ቱርንዋ የሠራው በሁለት ተክሎች ብቻ ነው፣ አጠቃላይ ሕግ ያደረጉት አሜሪካኖቹ ናቸው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ልዩ ልዩ ሰብሎችን ፈትነው ለክስተቱ ስም የሰጡት እነሱ ናቸው። ሆኖም በስሙ ውስጥ ያስገቡት ብርሃንን ነው። በ1938 ሃምነርና ቦነር የተባሉ ተመራማሪዎች ረጅሙን ሌሊት በአጭር ብርሃን ሲያቋርጡት ረጅም ሌሊት የሚፈልገው ተክል ሳያብብ ቀረ፤ የሚቆጠረው ጨለማው መሆኑ ያኔ ተረጋገጠ። ቱርንዋ ይህን ሃያ አራት ዓመት ቀድሞ ተናግሮታል! ስፋቱን ለአሜሪካኖቹ፣ ጥልቀቱን ለእሱ መስጠት ተገቢ ነው።

ይህ የሌሊት ርዝመት ደንብ ባይታወቅ ኖሮ ከደንቡ የሚወጣውን ተክል መለየትም አይቻልም ነበር። ሩሲያዊው ያኒሼቭስኪ በ1924 ሩዴራሊስ ብሎ የሰየመው በራሱ የሚበቅል አጭር ካናቢስ በቮልጋ አካባቢ ይገኛል። በዚያ በበጋው እኩሌታ ቀኑ ከአሥራ ስድስት ሰዓት ያልፋል፣ ውርጭም ቶሎ ይመጣል። ሌሊቱ እስኪረዝም የሚጠብቅ ተክል ዘሩ ሳይበስል በብርድ ያልቃል፤ ዕድሜው ሲደርስ የሚያብብ ግን ዘር ይተካል። ዛሬ በአሥራ ስምንት ሰዓት ብርሃን ሥር እንኳ የሚያብቡት ዝርያዎች ጠባያቸውን ያገኙት ከእንዲህ ያለው ካናቢስ ነው። የዘረመል ጥናት እንዳሳየው ጠባዩ በዋናነት በአንድ የክሮሞዞም ቦታ ይወሰናል፤ ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሰም አይገለጥም። ስለዚህ ከተራው ካናቢስ ጋር ሲዳቀል የመጀመሪያው ትውልድ እንደገና ረጅም ሌሊት ይጠብቃል፤ በራሳቸው ጊዜ የሚያብቡት በሁለተኛው ትውልድ፣ ከአራት አንድ ያህሉ ናቸው።